ይሰጠው

አክስቴ ከደብረ ብርሃን ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ የላክህልኝን የሠርግ ፎቶ ከፍቼዋለሁ። አይነ ርግቧ መጥቷል፤ ፊቷ ግን ገና ነው።»

«ትንሽ ይጠብቁት እትዬ፣ ይመጣል።»

«ሦስት ጊዜ ጠበቅሁት። ሦስቱንም ጊዜ ቅንድቧ ላይ ሲደርስ ይቀራል። ልጅቱ በሠርጓ ዕለት እንኳ ይህን ያህል አልተሽኮረመመችም!»

ስልኩን ዘግቼ አንገቴን ደፋሁ። ሙሽራዋ ታናሽ እህቴ ናት፤ ቅንድቧ ላይ ያስቀራትን ድረ ገጽ የሠራሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ነገሩ በበጎ ሐሳብ ነው የተጀመረው። ሠርጉን ያነሣው ወዳጄ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለው። «ሰዉ ፍላሽ ይዞ መመላለስ ሰልችቶታል፤ በሊንክ የሚታይ ነገር ሥራልኝ» አለኝ። በሁለት ቅዳሜና እሁድ በጃንጎ ሠርቼ ሰጠሁት። ላፕቶፔ ላይ 12 ፎቶ ጭነን ስንሞክረው እንደ ሚዳቋ ይዘላል። ተጨባበጥን፤ ማኪያቶም ጋበዘኝ። 12ቱ ፎቶዎች እዚያው ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ስለነበሩ መንገዳቸው ከጓዳ እስከ ሳሎን ብቻ ነበር። ከጓዳ ሳሎን ለመድረስ ደግሞ ማን ይደክማል? እኛ የኮድ ሰዎች ጓዳችን ውስጥ የሠራነውን ሳሎናችን ውስጥ ቀምሰን «እኔ ጋ ይሠራል» የምንላት ነገር አለች። ከዚህች ዐረፍተ ነገር በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተጠቃሚው ጥፋት ነው።

ከዚያ ሠርጉ መጣ፤ 2,400 ፎቶ አስከትሎ።

ባለ 36 ፎቶ ፊልም በነበረበት ዘመን አንሺው ጣቱን ከመጫኑ በፊት ያስብ ነበር። አሁን ጣቱ ያስባል፣ እሱ ይከተላል። ከ2,400ው ውስጥ ኬኩ ብቻውን በርካታ ደርዘን ጊዜ ተነሥቷል፤ ከመቆረጡ በፊት፣ ሲቆረጥ፣ ተቆርጦ፣ ቢላዋው ብቻውን። ሙሽራው የጫማውን ክር ሲያስር በስድስት አቅጣጫ አለ። አጎቴ ያስነጠሱት አንድ ጊዜ ነው፤ ካሜራው በሰከንድ ብዙ ስለሚያነሣ ግን በአምስት ተከታታይ ፎቶዎች ላይ እያስነጠሱ ይገኛሉ። አንዱንም ማጥፋት አልተቻለም። «ደንበኛው የከፈለበት ነው» ይላል ወዳጄ።

እያንዳንዱ ፎቶ 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው። ሲባዛ 24 ሚሊዮን ፒክስል። ክብደቱ በአማካይ 8 ሜጋባይት። ድረ ገጼ ላይ የሚታየው ግን በ300 በ200 ነው፤ ማለትም በ60 ሺህ ፒክስል። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ቂልነቴ። ፎቶውን አላሳነስኩትም። ለብራውዘሩ «በትንሹ አሳይ» ብዬ ብቻ ነው ያዘዝኩት። ብራውዘሩ ታዛዥ ነው፤ 24 ሚሊዮኑን ፒክስል በአክስቴ ዳታ አስመጥቶ፣ ዘርግቶ፣ ከዚያ ወደ 60 ሺህ ይጨምቀዋል። አንድ ጣሳ ጤፍ ለፈለገ ጎረቤት 400 ጣሳ በአይሱዙ አስጭኖ በሩ ላይ ማራገፍና «አንዷን ስፈርና የቀረውን ድፋው» ማለት ነው። ያውም የአይሱዙውን ኪራይ የሚከፍለው ጎረቤቱ ነው።

2,400ውንም በአንድ ገጽ ደርድሬያቸዋለሁ። በድምሩ ከ19 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። አክስቴ የሞሉት ፓኬጅ የኬኩን ቢላዋ እንኳ ሳያሳያቸው ነው የሚያልቀው።

«ትንንሽ ቅጂ እናዘጋጅላቸው» ስለው የወዳጄ ፊት ጠቆረ። «ጥራቱስ?» አለኝ። ጥራት የምትባለው ቃል በፎቶ ቤት ውስጥ እንደ ክብር የምትጠበቅ ናት። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 24 ሚሊዮን ፒክስል የሚያይ ዓይን አልተፈጠረም ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። በእሱ ብቻ አልፈርድም፤ ደንበኛውም ያው ነው። «በቴሌግራም ስትልክልኝ እንዳይጨመቅ በፋይል አድርገው፤ ኦሪጅናሉን ነው የምፈልገው» ብሎ ይጨቃጨቃል። ኦሪጅናሉ ሲደርሰው ምን ያደርገዋል? ፕሮፋይል። የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ክብ ውስጥ ግማሽ አፍንጫና ሩብ ከረባት ሆኖ ይቀመጣል።

እንግዲህ ክብደቱ የጥፋቱ ግማሽ ነው። ሙሽራዋን ቅንድቧ ላይ ያስቀራት ሌላኛው ግማሽ ነው፤ እሱም ማን ያቀብላል የሚለው ጥያቄ።

ጃንጎ የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ በአካባቢው ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ጀመሩት፤ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙን ያገኘው ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት ነው። እሳት የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ካሰናከለበት በኋላ በቀሩት ጣቶቹ ጊታሩን እንደገና ተምሮ ዓለምን ያስደመመ ሰው ነው። እኔ የዚህን ሰው ስም የወረሰውን መሣሪያ ሻንጣ አሸከምኩት።

ጃንጎ የሚያውቀው ማሰብ ነው፤ ማን ገባ፣ ምን ይፈቀድለታል፣ የትኛው አልበም የማን ነው። ፋይል ማደል ሥራው እንዳልሆነ የራሱ መምሪያ በማያሻማ ቋንቋ ይናገራል። ለልምምድ ጊዜ ብቻ፣ «ዲበግ» የምትባለው ማብሪያ ሲበራ፣ ለሠሪው ውለታ ብሎ ፎቶ ያቀብላል። ሥራው ተጠናቅቆ ለሕዝብ ሲወጣ ዲበግ ይጠፋል፤ ፎቶዎቹም አብረው ድርግም ይላሉ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ይደነግጣል። እኔም ደነገጥኩ። መምሪያውን ማንበብ አንድ መንገድ ነበር። እኔ ግን ዲበግን መልሼ አበራሁት። ፎቶዎቹ ተመለሱ፤ እኔም ችግር ፈቺ ነኝ ብዬ ተኛሁ። ዲበግ በርቶ ስህተት ሲፈጠር ግን ጃንጎ የኮዱን ሆድ ዕቃ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ዘርግፎ ያሳያል። የጓዳውን በር ከፍቶ መተኛት ይሉሃል ይህ ነው።

አሁን ቢሮ እናስብ። የምናውቀውን ዓይነት ቢሮ፤ ባለጉዳይ በረንዳው ላይ ተሰልፏል፣ ከኋላ መዝገብ ቤት አለ፣ በመካከል አምስት ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። እንደ ወጉ ባለሙያው ጉዳዩን አይቶ ይወስናል፣ ተላላኪው ከመዝገብ ቤት ፋይሉን ያመጣል። የእኔ ቢሮ ተላላኪ የለውም። ባለሙያው ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ መዝገብ ቤት ወርዶ፣ 8 ሜጋባይቱን ተሸክሞ ወጥቶ፣ በመስኮት በኩል በማንኪያ ያቀብላል። በማንኪያ ያልኩት የባለጉዳዩ መስመር ቀጭን ስለሆነ ነው። ተቀባዩ እስኪጨርስ ባለሙያው ሌላ ሰው አያናግርም።

አምስት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የጃንጎን ሠራተኞች የሚያሰማራው ጉኒኮርን የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ምክሩም የፕሮሰሰሩን ኮር በሁለት አባዝተህ አንድ ጨምር የሚል ነው። የተከራየሁት ሰርቨር ሁለት ኮር አለው። ስለዚህ አምስት። አምስት ዘመድ በአንድ ጊዜ ፎቶ ከከፈተ ስድስተኛው በረንዳ ላይ ይቆማል ማለት ነው። አምስት ዘመድ ብቻ የሚመጣበት ሠርግ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

ይህም የዋህ ስሌት ነበር። አንድ ብራውዘር ከአንድ ሰርቨር ጋር በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት መስመር ይከፍታል። አምስት ሠራተኛ፣ ስድስት መስመር። አክስቴ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለው፣ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ብቻቸውን ሰርቨሩን ሞልተውታል። አዲስ አበባ ያሉት ሚዜዎች፣ ዋሽንግተን ያለችው የአጎቴ ልጅ፣ ራሷ ሙሽራዋም ጭምር ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጠው ኢንተርኔቱን ሲረግሙ ነበር። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። አክስቴ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ጥፋት የለባቸውም።

ቅንድቡስ? የጉኒኮርን ተራ ሠራተኛ 30 ሰከንድ ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተጠምዶ ድምፁ ከጠፋ፣ አለቃው ሞቷል ብሎ ያስወግደውና በቦታው አዲስ ይተካል። ሠራተኛው አልሞተም፤ ለአክስቴ በማንኪያ እያቀበለ ነው። ተራው የጄፔግ ፎቶ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚገለጠው። ስለዚህ 30 ሰከንድ ማለት በአክስቴ መስመር ስሌት ከአይነ ርግቡ እስከ ቅንድቡ ነው። ደግመው ሲከፍቱት አዲስ ሠራተኛ፣ አዲስ 30 ሰከንድ፣ ያው ቅንድብ።

መድኃኒቱ ተላላኪ መቅጠር ነው። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂንኤክስ የተሠራው በአንድ ጊዜ አሥር ሺህ ባለጉዳይ እንዴት ይስተናገዳል የሚለው ጥያቄ የሙያውን ሰዎች እንቅልፍ በነሣበት ዘመን ነው። ማሰብ አይወድም። አንዱን ባለጉዳይ ይዞ አይቆምም፤ ለዚህ አንድ ማንኪያ፣ ለዚያ አንድ ማንኪያ እያለ ሺዎችን በአንድ እጅ ያስተናግዳል። ፋይሉንም ወደ ራሱ ጠረጴዛ ሳያመጣ በቀጥታ ከመዝገብ ቤት ወደ መስኮቱ እንዲንሸራተት ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መንገር ይችላል።

እዚህ ላይ ወዳጄ ብልህ ጥያቄ አነሣ፤ እውነቱን ልናገር፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። «ተላላኪው ለማንም የሚያድል ከሆነ የሰው ሠርግ አደባባይ ወጣ ማለት አይደለም?» አለኝ። እውነት ነው፤ ኤንጂንኤክስ የእህቴን አልበም ማን እንዲያይ እንደተፈቀደለት አያውቅም። የሚያውቀው ጃንጎ ነው። ታዲያ ፈቃዱን ባለሙያው ይመርምር፣ ሸክሙን ተላላኪው ይሸከም፤ እንዴት?

መልሱን ስናገኘው ሳቅን። የእኛ ቢሮዎች ሲሠሩበት የኖሩት ነው። ኃላፊው ደብዳቤውን ያነባሉ፣ ጥጉ ላይ «ይሰጠው» ብለው ይመሩታል፣ ይፈርማሉ። መዝገብ ቤት ድረስ አይወርዱም። በኤንጂንኤክስ ቋንቋ ይህች «ይሰጠው» ኤክስ አክሰል ሪዳይሬክት ትባላለች፤ ጃንጎ ባዶ መልስ አዘጋጅቶ፣ ጥጉ ላይ የፋይሉን ቦታ ጽፎ ይልካታል። ኤንጂንኤክስ ያቺን ማስታወሻ አንብቦ ለራሱ ያስቀራትና ለእንግዳው ፎቶውን ያስረክባል። እንግዳው የፋይሉን አድራሻ ገምቶ በጓሮ ቢመጣ፣ ያልተመራ ጉዳይ ነውና በሩ ዝግ ነው። በቢሮ ሥርዓታችን ስንቀልድ የኖርን ሰዎች ቴክኖሎጂ ለመማር ሄደን ያገኘነው የቀበሌውን ሊቀመንበር ፊርማ ነው።

ተላላኪው ሲገኝ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም። መካሪ ያጣ ቂልነት ቅርጹን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ወዳጄ በመጨረሻ ስለ ትንንሽ ቅጂ ሲስማማልኝ፣ ማሳነሱን ፎቶው በተጠየቀ ቁጥር እንዲሠራ አደረግሁት። አንድ እንግዳ አንድን ፎቶ ሲከፍት ሰርቨሩ 24 ሚሊዮኑን ዘርግቶ፣ አሳንሶ፣ ሰጥቶ፣ ይጥለዋል። ቀጣዩ እንግዳ ያንኑ ፎቶ ሲጠይቅ እንደ አዲስ። ለመቶ እንግዳ ወጥ የሚሠራ ሰው መቶ ጊዜ ሽንኩርት አይከትፍም፤ እኔ ግን ከተፍኩ። ሰርቨሩ በእንፋሎት የሚሄድ እስኪመስል ሞቀ። ፎቶው ሲጫን አንድ ጊዜ በሦስት መጠን ማሳነስና ማስቀመጥ ብቻ እንደሚበቃ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበብ እንደ እኔ ላለ ሰው አደገኛ ነው። ፌስቡኮች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 260 ቢሊዮን ምስል እንዳላቸው፣ በሳምንት አንድ ቢሊዮን አዲስ ፎቶ እንደሚጫን፣ በሥራ ብዛት ሰዓት በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምስል እንደሚያቀብሉ ይተርካሉ። ችግራቸው መዝገብ ቤቱ ነበር። በአንድ ፎልደር ውስጥ ብዙ ሺህ ፋይል ሲከማች አንዲት ፎቶ ለማንበብ ከአሥር ጊዜ በላይ ዲስኩ ድረስ መመላለስ ያስፈልግ ነበር፤ በየፎልደሩ ያለውን ፋይል ወደ መቶዎች ሲያሳንሱ ወደ ሦስት ወረደ። ሦስትም በዛ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለ እያንዳንዱ ፋይል የባለቤቱን ስም፣ ፈቃዱን፣ ዕድሜውን ይመዘግባል፤ ስለ ድመት ፎቶ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ፎቶዎቹን በጥቂት ግዙፍ ፋይሎች ውስጥ አከታትለው አጨቁና፣ የትኛዋ የት እንዳለች ብቻ ለአንዷ 10 ባይት ያህል ማስታወሻ እየያዙ በአንድ ምልልስ ማግኘት ቻሉ። የድርቆሽ ክምር ብለው ሰየሙት። መርፌ የምትፈለግበት ክምር መሆኑ ነው።

ይህን ያነበብኩ ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን የድርቆሽ ክምር ንድፍ ስሥል ከረምኩ። ፌስቡክ 260 ቢሊዮን ነበረው፤ እኔ 2,400። እህቴ በቀን አንድ ጊዜ ብታገባ እንኳ እዚያ ለመድረስ ከ290 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ባሏ በነገሩ የሚስማማ አይመስለኝም።

ከንባቤ ሁሉ ያጽናናኝ የኢንስታግራም ታሪክ ነው። እነሱም በጃንጎ ነው የጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010፣ ሎስ አንጀለስ ባለች አቅመ ደካማ አንዲት ሰርቨር። በመጀመሪያው ቀን 25 ሺህ ሰው ተመዘገበና ሰርቨሯ ተንበረከከች። ከቀኑ ጥፋተኞች አንዷ ማን ሆና ተገኘች? ፋቪኮን። ብራውዘሩ ትር ላይ የሚሰቅላት፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ሥዕል። ማስቀመጡን ረስተውታል፤ ብራውዘሩ በጠየቀ ቁጥር ጃንጎ ተነሥቶ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ የስህተት መዝገብ ይሞላል። ፎቶዎቹን ግን በአማዞን መጋዘን አስቀምጠው ጃንጎን ከሸክም ነፃ አድርገውት ስለነበር፣ በ2011 መጨረሻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ በሦስት ኢንጂነር ያስተዳድሩ ነበር። እኔ ይህን ለወዳጄ ስነግረው የሰማው «አማዞን» የሚለውን ብቻ ነው። «ስንት ያስከፍላል?» አለና ጨዋታው አለቀ።

ለነገሩ የእኛም ሰርቨር ሩቅ ነው፤ ጀርመን። አዲስ አበባ የተነሣች ፎቶ ጀርመን ሄዳ፣ ተመልሳ ደብረ ብርሃን ትገባለች። ያለ ቪዛ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ባንክ ስቴትመንት አውሮፓ ደርሳ የምትመለስ ሐበሻ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ያን መንገድ አንዴ ከሄደች ይበቃታል፤ ስለዚህ ብራውዘሩ ፎቶውንም የፎቶ ቤቱን ሎጎም ለዓመት ከራሱ ጋር እንዲያቆይ አዘዝኩት።

ወዲያው ወዳጄ ደወለ። «ሎጎዬን ቀይሬ አሮጌው ነው የሚታየኝ!» ዓመት ያልኩት ዓመት ነው፤ ብራውዘሩ ቃሉን ጠብቋል። «ካሽ አጥፋ» አልኩት። እሱስ አጠፋ፤ ለመቶ ደንበኛ ግን ማን ደውሎ ያስጠፋል? ሎጎው የተቀመጠበትን ፎልደር ስከፍት «ሎጎ_ፋይናል»፣ «ሎጎ_ፋይናል_2»፣ «ሎጎ_ፋይናል_የመጨረሻው»፣ «ሎጎ_ይሄኛው_ነው» ተደርድረዋል። ለዓመታት የሳቅሁበት ልማዱ ነው። ትልልቆቹ የሚሠሩበትን መንገድ ሳጣራ ግን ያው ነው፤ ይዘቱ በተቀየረ ቁጥር ስሙ ይቀየራል፣ ብራውዘሩም አዲስ ስም ሲያይ አዲስ ፋይል ያመጣል። ልዩነቱ እነሱ «ይሄኛው_ነው» በማለት ፋንታ ከይዘቱ የተሰላ ረጅም ኮድ መለጠፋቸው ነው። ጃንጎ ለሎጎና መሰሎቹ ይህንን ራሱ የሚሠራበት መንገድ አለው። ወዳጄን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

ከሁሉም በኋላ ዲበግ ጠፋ። በገጹ 40 ትንንሽ ፎቶ ብቻ፣ እሱም አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ እየተከተለ የሚመጣ። መጀመሪያ 40 ፎቶ ብቻውን 320 ሜጋባይት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። ለአክስቴ ደወልኩና «እስቲ አሁን ይክፈቱት» አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ እልልታ። ሙሽራዋ ከነፊቷ፣ ከነቬሎዋ፣ ከነሚዜዎቿ ደርሳለች። አጎቴም አምስት ጊዜ አስነጥሰዋል።

«ተባረክ ልጄ። በል አንዷን ኦሪጅናሉን ላክልኝ፤ በትልቁ አሳጥቤ ሳሎን እሰቅላታለሁ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ኦሪጅናሉን በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ተገኘ። ብድግ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«የትኛዋን ልላክልዎ እትዬ? ቁጥሯን ይንገሩኝ።»

«ምን ቁጥር አለው፤ ያቺ ፈገግ ያለችባትን ነዋ!»